ብርድ ጭኜ ወደ ሎጊያ

ሰው የሚናፍቀው ያማረረውን ነው። አላምንም የሚል ካለ ባለቤቴን ሰብለን ይጠይቅ። አሰላ ሳለች ክረምት ከበጋ ሹራብ ለብሳ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ ደርባ፣ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ እኔን ትወቅስ ነበር። ብርዱን ያመጣሁት እኔ ይመስል! ጥርሴ እርስ በርሱ ሲማታ ምላሴን ሊጨርሰው ነው፣ ምን ዓይነት አገር ነው ያመጣኸኝ ትለኛለች። እኔም የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሁ? ጭላሎ ተራራ ሥር ቤት ተከራይቶ ሙቀት መመኘት አይቻልም ብዬ ላስረዳት እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኩርፊያ ከብርዱ ይብሳል።

ዛሬ ይቺው ሰብለ አፋር ውስጥ ሎጊያ ናት። አዋላጅ ነርስ ስለሆነች አንድ የጤና ፕሮጀክት በዓመት ውል ቀጥሯት ሄደች። ሥራውን ትወደዋለች፤ ሙቀቱ ግን የሚቻል አልሆነላትም። ስትደውል "ናፈቅኸኝ" ትለኛለች ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ "ውይ፣ የአሰላ ብርድ እንዴት እንደናፈቀኝ ብታውቅ!" ትለኛለች። ሰው በመልከ መልካም ይቀናል፣ በባለ መኪና ይቀናል። በብርድ የሚቀና ባል ግን ከኔ በቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በመስከረም አንድ ቀን ደውላ ውሏ ሊያልቅ መሆኑን ነገረችኝ። አድሺ እያሏት ነው፤ ለመመለስም ያምራታል፤ ልቧ ተከፍሏል። ከዚያ፣ አንተ ምን ትላለህ አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? ልቤ "ነይ! ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ሰልችቶኛል፣ በናትሽ ነይ!" ይላል። አፌ ደግሞ "ለአንቺ የሚሻልሽን አድርጊ" አለ። ምን ላድርግ፣ አስተዳደጌ ነው። አባቴ እናቴን እንደሚወዳት ሲናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከገበያ ጫማ ገዝቶላት ሲመጣ "እንካ፣ ይችን ለናትህ ስጣት" ያለኝ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በኛ ቤት ስንት ደጃዝማችነት እንደቀረ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሰብለም ወሬውን ለወጠች። ልትጠይቀኝ ስትመጣ የአዴ ዘይነባን ኢቲቱ ይዘህልኝ ና አለች። አዴ ዘይነባ የቤታችን አከራይ ናቸው። ኢቲቱ ደግሞ በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል የረጋ የአርሲ እርጎ ነው፤ በማንኪያ ካልቆረሱት የማይነሣ። ግን ቀዝቃዛውን አደራ አለችኝ፣ ደጅ አድሮ ጠዋት ጥርስ የሚነክሰውን።

በቃ! መላው ተገኘ አልኩ። እኔ ያቃተኝን "ነይ" ኢቲቱ ይለዋል። አንድ ጊዜ ስትጎርስ አሰላ ትዝ ይላታል፤ አሰላ ትዝ ሲላት ሻንጣዋን ታወርዳለች፤ ሻንጣዋን ካወረደች እኔ ምንም መናገር የለብኝም። የቀረው ነገር ትንሽ ነው፤ ብርዱን እንደ ብርድነቱ ሎጊያ ማድረስ።

ወደ ጀማል ሱቅ የሄድኩት ለዚህ ነው። ጀማል አገር ለቀው ከሚሄዱ የውጭ ሰዎች ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ሰዎች የተዉትን አንድ አይስ ቦክስ መደርደሪያው ላይ እንደ ታቦት በጨርቅ ሸፍኖ አስቀምጦታል። ግድግዳው የቤቴን ግድግዳ ያስንቃል፤ መዝጊያው እንደ ባንክ ቤት ካዝና ነው። ወላሂ መምህር፣ በረዶ ሳምንት ሙሉ ይይዛል አለኝ። ደግሞም ድብ አይከፍተውም አለ። ከአሰላ እስከ ሎጊያ ድብ የት አለ? ጅብስ ይከፍተዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና፣ በጅብ አልተሞከረም አለ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ነው።

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ሰብለ ይህን የምታነብ ከሆነ ጉድ ይፈላል። ብቻ ለካፖርት ያልኩት ገንዘብ ከነልጅ ልጁ የሚሄድበት ነው። አሰላ ላይ ካፖርቱን ትቶ የበረዶ ሣጥን የሚገዛ ሰው፣ ሰው ቢሰማ ምን ይላል? እሺ፣ ልሞክረውና ልወስን አልኩት። ውሰድና ሞክር አለኝ።

ሙከራው በረዶ ይፈልጋል። አሰላ ላይ ደግሞ በረዶ ማን ይሠራል? ቢራ እንኳ "ያልቀዘቀዘ" ተብሎ በሚታዘዝበት አገር! ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ባዶውን ተቀመጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ከጭላሎ በኩል ጠቆረና ጣሪያው ላይ ድብደባ ጀመረ። በረዶ! ከሰማይ፣ በነፃ፣ ተፈጭቶ! አካፋ ይዤ ወጣሁ። ራሴን እየመታኝ፣ እየሳቅሁ፣ እያፈስኩ ወደ ሣጥኑ እገለብጣለሁ። "ጨምር! ጨምር!" ብዬም ጮኼአለሁ፤ አልክድም።

ቀና ስል አዴ ዘይነባ በረንዳቸው ላይ ጉንጫቸውን ይዘው ቆመዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሳጉሬ ላይ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ አላቸው። የደረሰ ገብስ ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከወረደበት ያለቀለት ነው። አርሲ ውስጥ በመስከረም በረዶ ሲወርድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ረቢ" ይላል እንጂ፣ አካፋ ይዞ "ጨምር" አይልም። ያ ረቢ፣ ገብስ የኔ እየተደበደበ አንተ ሠርግ አለህ አሉኝ። ከዚያ በራቸውን ዘጉ።

ላስረዳ ብሄድ አይከፍቱም። ሰላምታ ብሰጥ መልሱን ለበጎቻቸው ይነግራሉ። እኔ ደግሞ ኢቲቱ የምፈልገው ከሳቸው ነው! የሌላ ሰው ኢቲቱ ይዤ ብሄድ ሰብለ በጠረኑ ትለየዋለች። ምን ይደረጋል፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ። ጡረታ የወጡ ዳኛና አንድ የሰፈራችን ሼህ ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አዴ ዘይነባ ክሳቸውን አሰሙ። ይህ ሰው በገብሴ መመታት ተደሰተ አሉ። እኔም ሣጥኑን ልሞክር ፈልጌ እንጂ በገብስዎ ክፉ አላሰብኩም፣ በረዶው እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ቀልጦ ሄዷል፣ ነገሩም አብሮ ይቅለጥ ብዬ ተከራከርኩ። ጥሩ ንግግር ነበር። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሼሁ ግን፣ እስቲ ሣጥኑ ይምጣ አሉ።

ከጠቡ ወዲህ ያልነካሁትን መዝጊያ ስከፍት በረዶው አለ! ከወረደ ስንት ቀን ሆኖታል፤ እሱ ግን ነጭ፣ ፍሬ ፍሬው የተለየ፣ አሁን የወረደ መስሎ እዚያው ተቀምጧል። አዴ ዘይነባ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ይኸው አሉ። ምን ይባላል? ወንጀለኛ ማስረጃውን እንዲህ አሳምሮ ሲጠብቅ ዳኛውም በዕድሜያቸው አላዩም። መሳቅ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሼሁ ሳቁ። አዴ ዘይነባ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ለካ የሳጉሬው ገብስ ደህና ኖሯል፤ በረዶው የመታው ከተማውን ብቻ ነው። ገብሱ ሲታጨድ ከአጫጆቹ ጋር እንድሰለፍ ተፈርዶብኝ እርቅ ወረደ። እኔም በዚያው ሣጥኑን ለመግዛት ቆረጥኩ። ከዚህ በላይ ምን ሙከራ አለ?

አዴ ዘይነባ ለምን እንደሆነ ሲሰሙ ቅሉን አጥነው፣ ወተቱን አርግተው ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ግን ሣጥኑን በጎሪጥ እያዩ፣ ልጄ፣ ሚስት የምትጠራው በአፍ ነው አሉኝ። እሺ እላታለሁ አልኩ። ከሳቸው ጋር እንደገና መጣላት አያዋጣኝም።

የታሸገ ውሃ በአንድ ቡና ቤት ፍሪጅ በልመና በረዶ አድርጌ፣ ቅሉን መሐል አድርጌ ተነሣሁ። ከአሰላ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ቁልቁል። አየሩ እየጋለ በሄደ ቁጥር ሣጥኑን አቅፌ "ነይ" ማለት እለማመዳለሁ። ነይ። ሰብልዬ ነይ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ነይ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ምን ይዘሃል ቢለኝ፣ ብርድ አልኩት። ክፈት አለኝ። እጁን እስከ ክንዱ ከተተ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፍተሻው ረዘመ። በመጨረሻ ሂድ ሲለኝ ድምፁ አሳዘነኝ።

ሰብለ ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ አምራለች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ሣጥኑን እንዳየች መዝጊያውን ፈልቅቃ ፊቷን ውስጡ ከተተችው፤ "አሰላ!" አለች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። አንድ ማንኪያ ቆርሳ ጎረሰች። ጥርሷን አሳመማት። ጉንጯን ይዛ እየሳቀች እያለቀሰች፣ ነከሰኝ፣ እሰይ ነከሰኝ አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ብርድ እንዲህ ሲታቀፍ አያለሁ። "ነይ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እስክትጨርስ ልታገሥ፣ ራሷ ትለዋለች፣ አሁን ትለዋለች እያልኩ ዋጥኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰብለን ፊቷ በርቶ አገኘኋት። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ወስኛለሁ አለችኝ። እኔ ሻንጣዋን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ሌላ በጋ እችላለሁ ብዬ አላስብም ነበር፣ ልመለስም ቆርጬ ነበር አለች። እዚህ በረዶ እንደ ዳቦ በየሱቁ ይሸጣል፤ ችግሩ ቤት ሳይደርስ ውሃ መሆኑ ነው። ከእንግዲህ ግን ይሄ ሣጥን ካለልኝ ምን እሆናለሁ? አንድ ዓመት እጨምራለሁ አለች። ቀጥላም ዓይን ዓይኔን እያየች፣ አይሻልም ትላለህ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው እንደገና መጣላችሁ! እኔስ ምን አልኩ? "ለአንቺ የሚሻልሽን አድርጊ።"

አሰላ ስመለስ ብርዱ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ፤ ካፖርት የለኝ። ባዶ እጄን በጀማል ሱቅ በር ሳልፍ ጠርቶ፣ እህ መምህር፣ ዕቃው እንዴት ሆነ አለኝ። ግሩም ዕቃ ነው፣ አንዴ የያዘውን አይለቅም አልኩት። ጀማል ደስ ብሎት፣ ምን ብዬህ ነበር፣ ቆይ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ አለልህ፣ ለራስህ ውሰደው አለኝ።

ለእኔ ምን ያደርግልኛል አልኩት፤ እኔ ቤት አልጋው ራሱ ያለ በረዶ ቀዝቅዞ ያድራል።