ገና ያልጠጣው ድንጋይ

በየመሥሪያ ቤቱ «ገና ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሥራው አለቀ ብሎ ኮቱን ሲደርብ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ጉድለት ያገኛል። ሹጆ ከተማ ባለው የእኛ ቤተ ሙከራ የዚህ ዘር እመቤት ክብርት ዶክተር ቹ ሹላን ናቸው።

እኛ ተራራ እንሠራለን። አሸዋ፣ ሲሚንቶና የቀለጠ የሻማ ሰም አቡክተን፣ እንደ እውነተኛው ተራራ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ እናወጣለን። መሐሉን ክንድ በሚያስገባ ስፋት ፈልፍለን ውሃ እንለቅበታለን፤ በእሱ የደረሰው ዋሻ በሚቆፍሩት ሰዎች ላይ እንዳይደርስ።

ክብርትነታቸው ጠዋት ሲገቡ ከሰው በፊት ድንጋዩን «ደህና አደርክ» ይላሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ያን ጊዜ ማሞቂያው ይጠፋል፣ የሚያስለውም ወደ ውጭ ይወጣል። ፍልፍሉ ውስጥ ደግሞ ጥፍር የምታህል የሰም ሰው ያቆማሉ። ለምን ብላቸው፣ ባዶ ዋሻ ቢፈርስ ማንም አይደነግጥም አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ብቻዬን መቀመጥ አልወድም።

አምና በብርዱ ወር የሚውለው አዲስ ዓመታችን ጥቂት ሲቀረው፣ ዋሻ ቆፋሪው ታናሽ ወንድሜ ዮንግሼንግ ደወለልኝ። ከፊታቸው ያለውን እርጥብ ቦታ ሳያልፉ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ለማለፍ ደግሞ የእኛ ቃል ይጠበቃል።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋን አጣድፍልኝ» አለ። «እናታችን ሊጡን አቡክታ ነው የምትጠብቀኝ።»

በዚያ ቦታ አምሳል የሠራነው ድንጋይ ውሃውን ችሎ ጠብ ሳይል ዋለ። አጨበጨብን። ዶክተር ቹ ግን ጆሯቸውን ለጠፉ።

«ገና ነው። ይሄ አልጠጣም» አሉ። «ውሃ አግኝቶ ዝም የሚል ድንጋይ አላምንም።»

በመዶሻ ሰበሩት። ለካ በዚያ ብርድ አሸዋውን ሳናሞቅ አቡክተን፣ ሰሙ ሳይዋሃድ ረግቶ ውሃውን እንደ ጃንጥላ መልሶታል። ጥፋቱ የሁላችንም ቢሆንም እኔ በልቤ የረገምኩት እሳቸውን ነው።

አሸዋውን አሙቀን እንደገና ሠራን፤ ውሃውም ተለቀቀ። ብዙ ቆይቶ ከድንጋዩ ሆድ ድምፅ መጣ። አንድ ሰው በጥፍሩ በር የሚያንኳኳ ይመስል ነበር፣ ቆም እያለ። ሁላችንም ሰማን። በካሜራው የሰሟ ሰው ቆማ ትታያለች፤ ወዲያው ጣሪያው ወረደና ጭቃ ብቻ ቀረ።

ዶክተር ቹ ስልኩን አንስተው ነበር። «ሰዎቹን አውጧቸው። ዕቃ ለማንሳት እንዳይቆዩ።»

በማግስቱ እውነተኛው ተራራ ውሃውን ባዶው ዋሻ ውስጥ ለቀቀው።

ወንድሜ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊያመሰግናቸው መጣ። የተቀዳውን ድምፅ አሰማሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄን እኮ ሰምተነዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ከወዲያ በኩል የሚቆፍሩት ልጆች ደረሱልን ብለን ደስ አለን። ለካ እነሱ ለበዓል ከሄዱ ሰንብተዋል። እኛ ግን በመዶሻ መልሰን አንኳኳን።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉት ዶክተር ቹ።

«መለሰልን። ቀረብ ብሎ።»

ዶክተር ቹ ሙቅ ውሃ ቀድተው ሰጡት፣ እጁንም ከነኩባያው ይዘው አልለቀቁም። እኚያን አስቸጋሪ ሴት እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።