በደጃችን የተደፋው ጣሳ

በአገራችን ሰው በአፉ የሚናገረውን ማንም አያምነውም፤ በእንጨት ጫፍ የሰቀለውን ግን ሁሉም ያምናል። ካልተቀበላችሁኝ ዛሬውኑ አንድ ባዶ ጣሳ ፈልጉና ደጃችሁ ባለው ቋሚ ላይ በአፉ ድፉት። ከዚያ በኋላ "ጠላ አንሸጥም" ብላችሁ ማሉ… እስቲ ማን እንደሚሰማችሁ!

እኔ የደፋሁት ለዝናብ ነው። አዘዞ ያለው አዲሱ ቤታችን በር ላይ የመብራት ገመድ የተወጠረበት የብረት ቱቦ ቆሟል። ክረምቱ ሲገባ ውሃ በአናቱ እየገባ እንዳያዝገው ብዬ የዱቄት ወተት ጣሳ አለበስሁት። ከመሰላሉ ስወርድ በራሴ ብልሃት እጅግ ተደስቼ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ሰውዬ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና በረንዳው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ባለቤቴን የውብዳርን አንድ እንድትቀዳለት አዘዛት። ጠላ እንደሌለ ስንነግረው ቅር ሳይለው ተነሣ።

"ለነገ ይደርሳል?" አለኝ በሩ ላይ ሲደርስ።

እሱ ሲሄድ ሌሎች መጡ። የውብዳር ጣሳውን እንዳወርድ ለመነችኝ፤ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የሰፈራችን አዛውንቶች እንደሚሉት ነገሩ የተጀመረው ጠማቂዋ ዋንጫዋን አጥባ እንዲደርቅላት ደጅ እንጨት ላይ ስትሰካው ነው። ያየ መንገደኛ ሁሉ ጠላው ደርሷል ብሎ ገባ። ጠላው ሲያልቅ ዋንጫውም ይወርድ ነበር አሉ። ዛሬ ዋንጫው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውም ፕላስቲክ ሆኖ፣ ጠላ ኖረም አልኖረም ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ይከርማል። ታዲያ ለሌላው ሰው ይህን ያህል ከተለወጠ፣ ለእኔ የዝናብ ቆብ ቢሆን ምን አለበት? ስል ተከራከርሁ።

በዚህ መካከል ልጃችን እመቤት ከአንድ የአይከል ከተማ ልጅ ጋር ተዋድዳ፣ የልጁ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ተቀጠረ። እመቤት በጭንቀት እህል አልወርድ ብሏታል። ጠባዬን ስለምታውቅም "አባዬ፣ ብቻ እንዳትቆጣባቸው" ብላ ለምናኛለች።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ለድግሱ ሊገዙ ገበያ ወጡ። ብቻዬን ጋደም እንዳልሁ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ቀና ብለው ጣሳውን አዩ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እናንተስ ብትሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

"አልቋል" አልኋቸው። የለም ካልሁ ለነገ ብለው እንደሚቀጥሩኝ ስለተማርሁም ጨመርሁበት፤ "ነገም እንዳትመጡ። ሌላ ቤት ሞክሩ።"

በሩንም ዘጋሁት። ብዙም ሳይቆይ የውብዳርና እመቤት እየተጣደፉ ገቡ። ከአይከል የሚመጣ መኪና ስለተገኘ ሽማግሌዎቹ በዋዜማው መጥተዋል፤ ልጁ አሁን ደውሎ ነገረን፣ ደረሱ ወይ? አሉኝ። ያልኋቸውን ስነግራቸው የውብዳር ከነዘንቢሏ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እመቤት ግን ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

በነጠላ ጫማ እስከ ሚኒባስ ማቆሚያው ሮጥሁ። ሦስቱም ተሳፍረው ረዳቱ ተጨማሪ ሰው ይጣራል። በመስኮቱ አንገቴን አስግቼ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጣሳው እያለከለክሁ አስረዳሁ። መሪያቸው አያ ደምሌ እስክጨርስ ጠበቁኝና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"እኛስ ጣሳውን አይተን ቤት የሳትን መስሎን ነበር" አሉኝ። "ስታባርረን ነው ቤቱ መሆኑ የገባን። ምነው ትደነግጣለህ? ድሮ የሴት ልጅ አባት እንዲህ ነበር። የዛሬው ገና ሳናንኳኳ ግቡ ይለናል። አንተ ሸጋ ሰው ነህ፤ በል ምራን።"

ያን ዕለት ልጄን ሰጠሁ፤ በማግሥቱም መሰላል አምጥቼ ጣሳውን አወረድሁ።

የቀለበቱ ቀን ግቢያችን በጠላ ጋን ተሞልቶ፣ እመቤት ለብሳ አምራ፣ የሙሽራው ወገን የውሃ ሽታ ሆነ። በመጨረሻ አያ ደምሌ ደወሉ። ሰፈሩን ሲዞሩት አርፍደዋል፤ ለሾፌሩ የነገሩት ምልክት ጣሳው ነበር።

በሙሉ ሱፍ መሰላል ላይ ወጥቼ ጣሳውን በቦታው ደፋሁት። እውነትም መኪኖቹ ወዲያው ታጥፈው መጡ። ከኋላቸው ግን በእግሩ የመጣ አንድ ሰው አለ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው፤ ጣሳውን፣ ጋኖቹንና እኔን አየ።

"ደረሰ አይደል?" አለኝ።

በእጄ ቀዳሁለት።