ከወንድሜ ጋር ያስተዋወቁኝ ቀን

ሳይጣሉ የኖሩ ሰዎችን ለማስታረቅ የሚመጣ ሰውን ያህል የሚያስፈራኝ የለም። የተጣላማ ቢያንስ ምን እንዳጣላው ያውቃል። ያልተጣላ ግን አስታራቂውን ላለማሳፈር ሲል ጠብ ሊፈልግ ነው።

ጀማል የእናቴ ልጅ ነው። አባቴ ሲሞት እናታችን የእሱን አባት፣ አንድ ሙስሊም ቡና ነጋዴ አገባች። እሱ የአባቱን ሃይማኖት ያዘ፤ እኔና እናቴ በክርስትናችን ቀረን። መቱ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቢኖር፣ ያን ዕለት ጠዋት ከመኪና የወረደው አሠልጣኝ ብቻ ነው።

ሥልጠናው ስለ ክርስትናና እስልምና የውይይት ታሪክ ነው ተብለን እኔና ጀማል በአንድ ባጃጅ ሄድን። አዳራሹ በር ላይ ለያዩን፦ ሙስሊም በቀኝ፣ ክርስቲያን በግራ! አሠልጣኙ የጥንቱ ንጉሣችን ስደተኞቹን ሙስሊሞች እንዴት እንደተቀበሉ አሳምሮ ተረከልን። እውነቱን ነው። ግን እኚያ ንጉሥ እንግዶቻቸውን በር ላይ ቀኝና ግራ ከፍለው ነበር እንዴ?

ቀጥሎ፣ ከወዲያኛው ወገን የደረሰባችሁን በደል ተናገሩ አለን። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰውየውን ላብ አጠመቀው። ወንድሜ ደግሞ ሰው ሲጨነቅ ማየት አይሆንለትም። ብድግ ብሎ፣ ልጅ ሳለ በፋሲካ እናታችን ከማዕድ ታስነሣው እንደነበር ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ሴትማ አለቀሰች።

እኔ ደሜ ፈላ። አዮ! እናታችንን እንዲያ ነበር የምንላት። ለእሱና ለአባቱ ዶሮ ለብቻ ገዝታ፣ ጎረቤታችን ሼህ ዘንድ አሳርዳ፣ በሌላ ድስት ሠርታ፣ እሱ ሳይጎርስ እኛን እጃችሁን እንዳታነሱ የምትል ሴት! ከመቃብሯ አውጥተው ሰው ፊት ያቆሟት መሰለኝ።

ውጭ ጠብቄ ያዝኩት።

«ምን ነካህ አንተ?»

«እትዬ፣ በደል ተናገሩ አሉን። እኔ ደግሞ የለኝም።»

«የለኝም አትልም ታዲያ?»

«ሰውየው አሳዘነኝ አቦ!»

«እሱ አሳዘነህና እናትህን ሰጠኸው?»

አንገቱን ደፋ። ባጃጁን ለእሱ ትቼ በእግሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሚስቱ ስትወልድ እንኳ፣ ገንፎውን አገንፍቼ በሰው ላክሁ።

ባለፈው ሰሞን አሠልጣኙ ደወለ። ለካ ጎሬ ከተማ ለሚሰጠው ሥልጠና ምስክር እንድንሆንለት ፈልጎ ኖሯል። ከወንድምሽ ጋር እንዴት ናችሁ አለኝ። ተኮራርፈናል አልኩት። ከሥልጠናው በፊትስ? አንድም ቀን ተኮራርፈን አናውቅም አልኩት።

ወረቀት ገልጦ ሲጽፍ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፁ በደስታ ሞቅ ብሎ፣ «በጣም ጥሩ!» አለኝ። «ለውጥ አለ ማለት ነው።»