ክብርት ጉምሩክ እና የእህቷ ልጅ ሻንጣ

ሰው ለትምህርት ባሕር ማዶ በሚሄድበት ቤት ሁሉ፣ ከአልቃሹ አስቀድሞ አንድ ፈታሽ ብቅ ይላል። ማንም አይሾመውም፤ ራሱን በራሱ ይሾማል። እናንተም ቤት አይጠፋም። ከጠፋ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

በእኛ ሰፈር ይህን ሹመት ይዛ የኖረችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። በሌለችበት "ክብርት ጉምሩክ" እንላታለን፤ ፊት ለፊት ግን "እትዬ"። ሰው ባታምን አይፈረድባትም። ዕድሜዋን ሙሉ "ወገቤ እኮ ቀጭን ነው" የሚሉ ሰዎችን ስትለካ የኖረች ሴት ምን ታድርግ? ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም ነበር፤ ዛሬም ሳስባት ከነሜትሯ ነው የምትመጣብኝ።

የእህቷን ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ የሁለት ዓመት ትምህርት በነፃ አገኘች ሲባል ሰፈሩ እልል ሲል፣ ጉምሩክ መነጽሯን አወለቀች።

"በነፃ? ለምን?"

"ጎበዝ ስለሆንኩ ነዋ፣ አክስቴ።"

"ጎበዝ መሆንሽንማ እኔ አውቃለሁ። ለእነሱ ማን ነገራቸው?"

ዝግጅቱ እንዲህ ተጀመረ። ባለሱቁ ሻንጣው እንዲመዘን ብሎ ሚዛኑን አዋሰ። እሷ ቀድማ ወጣችበት። ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ከቆመበት ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች።

"ይኸው! ውሸታም ነው" አለች ስትወርድ። "ባለሱቁ ሰውን እንዲህ እያደረገ ነው ለካ የሚበላው!"

ሻንጣውን በእጇ አንጠልጥላ "በቂ ነው" ስትል ፈረደች። የልጅቷ መምህር በስጦታ የላኩትን መጽሐፍ በጀርባው ይዛ እንደ ምንጣፍ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም። ምንም አለመውደቁ ደግሞ የባሰ አጠራጠራት።

ከዚያ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤት ውጭ ለሚኖረው ልጇ አንድ ጠርሙስ ማር ይዛ መጣች። ጉምሩክ ክዳኑን ከፍታ የሹራብ መሥሪያ ሽቦዋን እስከ ታች ሰደደችው።

"ምን እየፈለግሽ ነው፣ እቴ?"

"የማይቀልጥ ነገር።"

"ለገዛ ልጄ ምን እደብቅበታለሁ?"

"እናት አይደለሽ? የእናት ነገር ምን ይታወቃል።"

ጎረቤቷ ከት ብላ ሳቀች። "በሚመጣው ዓመት ይመጣል፤ ያኔ እኔም ዐርፋለሁ፣ ማሩም ያርፋል" አለች። ልጁ የሄደው ለአንድ ዓመት ብሎ ነበር። "በሚመጣው ዓመት" የሚባለው ግን ዘንድሮም የሚመጣው ዓመት ነው፤ ማሩ ብቻ ነው ሳያቋርጥ የሚሄደው። ጉምሩክ ሽቦውን አውጥታ ጠረገች፤ ክዳኑንም ራሷ መልሳ አጠበቀችው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ዕቃውን ትታ የልጅቷን ፊት መፈተሽ ጀመረች።

"ትምህርቱ ሲያልቅስ?"

"እመለሳለኋ!"

"ቶሎ መለስሽ። ቶሎ የሚመልስ ሰው ተዘጋጅቶበታል።"

በማግስቱ ደግማ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ "እመለሳለሁ" አለች።

"አሰብሽበት። የሚመለስ ሰው ምን ያሳስበዋል?"

የሻንጣውን ቁልፍማ ከመጀመሪያውም አላመነችውም። "የሠራው ሰው ለራሱ አንድ ሳያስቀር የሸጠው ይመስልሻል?" ትላለች። ስለዚህ በመሄጃው ዕለት ጠዋት፣ ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ፣ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ክር ደራርባ ሰፋችው። እንዲህ ያለ ጥሩ ስፌት ለሙሽራም ሰፍታ አታውቅም።

ታክሲው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ነፋ።

"አክስቴ፣ ፓስፖርቴስ?"

"ሌባ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።"

"የት?"

ጉምሩክ ሻንጣውን አየችው።

"ኧረ እትዬ!" አለ ባለታክሲው ከውጭ። "አውሮፕላን እንደ እኔ ቆሞ አይጠብቅም!"

"ምን አስቸኮለው?" አለች መቀስ እየፈለገች። "አንድ ነገር ቢኖር ነው።"

ክሩን በጣጥሳ ሻንጣውን ከፈተችው። ፓስፖርቱ እሷው በጎን እጇን ሰድዳ ከወሸቀችበት ከሥር ነበርና ከላይ ያለውን ማንሳት ግድ ሆነ። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች የምትሸፈንበት ብርድ ልብስ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረው የእናቷ ፎቶ። ጉምሩክ ፓስፖርቱን አገኘች፤ ግን አልሰጠቻትም። ተነሥታ ሄዳ የልጅቷን መሳቢያ ሳበችው። ባዶ ነው።

"ለሁለት ዓመት የሚሄድ ሰው የቤት ጫማ ይወስዳል?" አለች። ድምፅዋ የፈታሽ አልነበረም። "አንዲት ካልሲ እንኳ አላስተረፍሽም እኮ፣ ልጄ።"

ልጅቷ "እመለሳለሁ" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ያ ቃል በዚህ ቤት ብዙ ተመርምሮ አልቋል። ጎንበስ ብላ ከሻንጣው ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች፤ በባዕድ አገር እንዳታፍር ብላ አክስቷ የሰፋችላት የክት ቀሚስ ነው።

"ይሄን ትቼዋለሁ። እጅጌው ያጥረኛል። ስመለስ ታስረዝሚልኛለሽ።"

"ልበሺው" አለች ጉምሩክ።

ልጅቷ በልብሷ ላይ ደርባ ለበሰችው። ጉምሩክ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ዘረጋችው። ያን ክንድ ክንድ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ ስትለካው ኖራለች። እጅጌው ልክ እሷ ስትሰፋው ባሰበችው ቦታ፣ አጥንቱ ላይ ዐርፏል፤ የክር ውፍረት ያህል እንኳ አልጎደለም። ልጅቷ ዓይኗን ፎቶው ወደነበረበት ግድግዳ አዞረች። ታክሲው እንደገና ጮኸ።

ጉምሩክ ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

"እውነትሽን ነው፣ ያጥራል" አለች። "በጣም ያጥራል። ጨርቁ ነው የተሰበሰበው፤ ነጋዴው ጉድ ሠርቶኛል።"

ፓስፖርቱን ሰጠቻት። ቀሚሱን ከላይዋ አወለቀችላትና አጣጥፋ ባዶው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።