ያልደረሱ ጥሪዎች መስክ

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። እኔ ፈቺ አይደለሁም፤ ያየችው ደብሪቱ ናት፣ የነገረችኝም እሷው ናት፣ እኔ እንደ ሰማሁት አወራላችኋለሁ። ባለፈው እሑድ በጠራራ ፀሐይ ነው ያየችው። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ሾላ ምድር ድረስ ወጥቶ ራሷን ይጠይቅ፣ ዳገቱን ከቻለው።

መጀመሪያ ስለ ዓለቱ ልንገራችሁ። በሾላ ምድር ስልክ የሌለው ቤት የለም፤ ኔትወርክ ያለው ቤት ግን አንድም የለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይወጣና፣ ዓለቱ ላይ ካለችው አሮጌ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ በክር ያንጠለጥለዋል፤ ከዚያ ከሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ንግግር እንዳይመስላችሁ፤ ሚስኮል ነው። ከአገር የወጣ ልጅ በእሑድ ቀን አንዴ ይጠራና ይዘጋል፤ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ወላጅ አያነሳም። ካነሳ የልጁን ካርድ በላ ማለት ነውና፣ በሾላ ምድር ሚስኮል የሚያነሳ ሰው ከሌባ አይሻልም። ስልኩ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ እናት «ተመስገን» ትልና ክሯን ፈትታ ትወርዳለች።

አምና የአንድ የቴሌኮም ድርጅት ባለሙያዎች ገበያ እናጠናለን ብለው መጥተው ነበር። አንዱ ባለ መነጽር ከወይራው ሥር ሲያየን ዋለና፣ «እናንተ ትጣራላችሁ እንጂ አትነጋገሩም፤ በዚህ ዓይነት አካባቢው የዕድገት ተስፋ የለውም» ብሎን የኔትወርክ ምሰሶ ሳይተክል ሄደ። እኛም ምሳ አብልተን ሸኘነው። ምን እናድርግ፣ እንዲህ ነን።

ደብሪቱ ያላት ልጅ አንድ ነው፤ አበጀ ይባላል። ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረደ። ሚስኮሉን አስታጉሎ የማያውቅ ልጅ ከመስቀል ወዲህ ዝም አለ። አብረውት ሄደው የተመለሱት «ዘንድሮ በረሃው ወባ በዝቶበታል» አሏትና ወሬውን እዚያው ላይ ቆረጡት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓይኗን እያዩ ሊናገሩ አልደፈሩም። እሑድ በመጣ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድማ ትወጣለች፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ትወርዳለች። ያን ዕለትም ስልኳን አንጠልጥላ ከወይራዋ ጥላ ሥር ጋደም አለች፤ የከረመ እንቅልፍ ነበረባትና ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

በሕልሟ መጀመሪያ ቀና ስትል ወይራዋን አየች። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ነበር። የመንደሩ ሰው በሙሉ፣ ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ ወገባቸውን በክር ታስረው በነፋስ ይወዛወዛሉ። ስልኮቹ ደግሞ ከሥር ተደርድረው ተቀምጠው አንጋጠው ይጠብቃሉ።

«ሰው መጣልህ?» አለ አንዱ ስልክ ጎረቤቱን።

«ብልጭ ብሎ ጠፋብኝ። እስቲ ሊቀ መንበሩን ትንሽ ወደ ግራ አዙሩት።»

ሊቀ መንበሩን ወደ ግራ አዞሩት። እሱም እሺ ብሎ ዞረ፤ ለወትሮው ግን ለማንም ዞር የሚል ሰው አልነበረም። ቄሱ ከላይ ሆነው «ደብሪቱ፣ እንደምን ዋልሽ?» አሏት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ፤ ክሩ ወገብዎን አልያዘዎትም?» አለቻቸው። «ኧረ ለምጄዋለሁ» አሉ።

ወዲያው ቤቷ ደጃፍ ላይ ራሷን አገኘችው። ከደጇ እስከ ወንዙ ድረስ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፈኞቹ ሁሉ ሙሉ ልብስ የለበሱ የቴሌኮም ሥራ አስኪያጆች ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ይዘዋል። ዞር ብሎ የሄደው በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ከረባቱን አስሮበታል። ከሁሉ ፊት ያ ባለ መነጽር ቆሟል፤ አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«እትዬ ደብሪቱ» አለ ጎንበስ ብሎ፣ «ያጥኑን። የዕድገት ተስፋ ያለን እንደሆነ አይተው ይንገሩን።»

ደብሪቱ በሬ ገዝታ ታውቃለች፤ የሚያድግ ነገር በምን እንደሚታወቅ አይጠፋትም። «አፍህን ክፈት» አለችው። ከፈተ። ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ሽንጡን መታ መታ አደረገች፣ ኮቴው የተበላ እንዳይሆን ብላ ጫማውን አስወልቃ አየች።

«ጥርስህ ገና ነው» አለችው። «ማደጉን ታድጋለህ። መቼም ሲጠሩህ አትሰማም እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ሰኞ ተመለስ። ዛሬ ኃላፊዋ የለችም።»

«ኃላፊዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ» አለችና አለፈችው። ከኋላው ያሉት «እሺ፣ እናመሰግናለን» እያሉ ድንጋያቸውን አስጠጉ። ይህን ስትነግረኝ ደብሪቱ ሳቋ ያፍናት ነበር፤ እኔም ልዋሻችሁ አልችልም፣ አንጀቴ ራሰ።

የመንደሩ ቦኖ ጋ ስትደርስ ከቧንቧው የሚንዶለዶለው ውሃ አልነበረም። ኢንተርኔት ነው። እንደ ማለዳ ሰማይ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ከተማ የሚታይበት፣ የማያውቋቸው ሰዎች ሠርግ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ መርከብ፣ ዓሣ። ሰው እግሩን ይታጠብበታል፤ አንዲት ላም ጎንበስ ብላ ጠጥታ ቀና ስትል በማይታወቅ አገር ቋንቋ አገሳች። አጠገቡ ጎረቤቷ እናኑ ባዶ እንስራዋን ይዛ ተክዛለች።

«ምነው እናኑ?» አለቻት።

«የሳምንት የውሃ ጥቅሌ አልቆ ነዋ። እስከ ቅዳሜ በጠብታ ነው ያለሁት።»

«የሌሊቱን ጥቅል ግዢ፤ እሱ ይረክሳል ይላሉ።»

«ገዝቼ ነበር። ሳልጠጣው ነጋ» አለች እናኑ።

ይሄኔ ምድሩ ቀስ ብሎ ተንቀጠቀጠ። ደብሪቱ ዞር ስትል ምሰሶዎቹ ከአድማስ ብቅ አሉ። እነዚያ በከተማ ዳር የሚቆሙት ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች፣ ቀይ መብራታቸው አናታቸው ላይ፣ በአራት እግራቸው እየተራመዱ ሸንተረሩን ሞልተው ይመጣሉ። ሩጫ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ዝግ ብለው ነው። ያለፉበት አዝመራ አንድ ዘለላ እንኳ አልተረገጠም። እሷም ሳታውቀው ደጇ ላይ ቆማለች፤ ምሰሶዎቹ እዚያ ደርሰው በአንድ ላይ ተንበረከኩ። ደብሪቱ ከመፍራቷ ይልቅ መከበሯ አስደነገጣት፤ በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ፊቷ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

ከፊተኛው ምሰሶ ላይ አንዲት ሴት ወረደች። ቀጭን ናት፣ ጫማዋ አልቋል፣ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች። አፏን ስትከፍት ደብሪቱ ድምፁን አወቀችው። ማን የማያውቀው አለ? «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም፤ እባክዎ ቆየት ብለው ይሞክሩ» የምትለዋ ራሷ ናት።

«እርስዎን ማግኘት ቻልኩ» አለች ሴትዮዋ፤ ይህን ብላ እንባዋ መጣ።

«ተቀመጪ እስቲ፣ ልጄ። ጉሮሮሽ ምን ሆነ?»

«አይቻልም ስል፣ አይቻልም ስል። ቀንም ሌትም። ሰዉ እኔን ይሰድበኛል፤ እኔ ደግሞ ምሰሶ አይደለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ደብሪቱ ከማድጋዋ ሥር የቀረችውን ውሃ አሟጥጣ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ጠጥታ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ሲጠሩ ሳይደርስ የቀረ ጥሪ የት የሚሄድ ይመስልዎታል?» አለቻት።

«ይጠፋ የለም ወይ?»

«ምን ይጠፋል። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ምሰሶው ላይ ወጡ። ሄዱ ይባል፣ በረሩ ይባል፣ ደብሪቱም አታውቀው። ተራራው ከሥራቸው አለፈ፣ ደመናው አለፈ፣ ከዚያ መስኩ መጣ።  ጫፍ የለውም አለችኝ። ጥሪዎቹ እንደ ከብት ተሰማርተውበታል። ብርሃን ናቸው፣ ግን ይተነፍሳሉ፤ አንዳንዱ የጫጩት ያህል ነው፣ አንዳንዱ የዝሆን። ሁሉም ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ መልእክቱን ለራሱ ይደጋግማል። «ወለደች፣ ሴት ናት።» «ዳመናው ከብዷል፣ እህሉን ከአውድማ አንሡ።» «አባባ ደክሟል፣ ቶሎ ድረሱ።» «ይቅር ብዬዋለሁ በይልኝ።» «ሥራ አገኘሁ።» ከሾላ ምድር የወጣም ነበረበት፣ ስሙን ሰምታው ከማታውቀው አገር የመጣም፤ ቋንቋው ባይገባትም እናት የሚጠራውን ለየችው። ለካ ምድር ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ሲጣራ ኖሯል፤ የሰማ የለም። ደብሪቱ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ተንበረከከች።

«ትልልቆቹ ምንድን ናቸው?» አለች በሹክሹክታ።

«የቆዩት ናቸው። ያልደረሰ ጥሪ እዚህ ያድጋል።»

ያ ባለ መነጽር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መስኩ ዳር ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ጣቱን ቀስሮ መቁጠር ጀመረ፣ ተወ፣ እንደገና ጀመረ፣ ተወ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ለአንድ የገበያ ጥናት ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደብሪቱ ግን የሚያሳስባት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የአበጀ የታለ?» አለች። «የልጄ ጥሪ እዚህ ካለ አሳዪኝ። ከሌለም ንገሪኝ፤ ቁርጤን ልወቀው።»

 ከመንጋው መካከል አንዲት ትንሽ ጥሪ ወጥታ መምጣት ጀመረች። ፀሐይ ያጠቆራት፣ የሰሊጥ ገለባ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀባት፣ አንድ እግሯን የምታነክስ። እየደከማት መጣች፤ ደብሪቱ ፊት ቆመች። ደብሪቱ የማን መሆኗን ለመለየት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ወተት ያጠባ ጡቷ ነገራት። ጥሪዋ ቀና ብላ አየቻትና ጮኸች።

«ያንሱት» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎን ነው፣ ያንሱት።»

የደብሪቱ እጅ ወደፊት ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ያዘቻቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ሚስኮል ቢሆንስ?» አለች ደብሪቱ። «ካርዱን እበላበታለሁ። በዚያ በረሃ ካርድ ከየት ያመጣል?»

ጥሪዋ ትንሽ ጠበቀች። እንደገና አልጮኸችም። ዓይኗን ከደብሪቱ ላይ ነቀለች፣ ዞረች፣ እያነከሰች ወደ መንጋው ተመለሰች። ባለ መነጽሩ እንኳ «ኧረ በፈጠረዎት» አለ። ሴትዮዋ የሻሿን ጫፍ ይዛ ደብሪቱን በኀዘን አየቻት።

«እትዬ» አለቻት፣ «እኔ እንኳ ስንቱን ስመልስ ኖሬ፣ እንዲህ ደጄ ድረስ መጥቶ የመለስኩት የለም።»

ደብሪቱ ተነስታ ሮጠች። ብርሃኖቹ መሐል ገባች፣ ስሙን እየጠራች። ትንሿ ጥሪ ከትልልቆቹ እግር ሥር ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። ደረስኩባት ስትል ራቀች፤ ራቀች ስትል ከአናቷ በላይ ጮኸች። እንደገና ጮኸች፣ በጣም ቅርብ ሆና።

ነቃች። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፣ አብዛኛው ሰው ወርዷል፤ እናኑና ጥቂት ሴቶች ብቻ ቆሎ እየቆረጠሙ ቀርተዋል። ቅርንጫፉ ላይ የደብሪቱ ስልክ ይጮኻል። አላሰበችም። ብድግ አለች፣ ክሩን በጠሰችው፣ አገር እያየ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። የእናኑ ቆሎ ከእጇ ፈሰሰ።

«አበጀ፣ የኔ ልጅ...»

«እማ፣ ለምን ታነሺዋለሽ?» ድምፁ ሰልሏል፣ ቀጥኗል፣ ግን የራሱ ነው። «ሚስኮል እኮ ነው። ስንት ቀን ለምኜ ያገኘሁትን ካርድ...»

ተቋረጠ።

ደብሪቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ቆመች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው ደብሪቱ» አለች እናኑ ፈራ ተባ እያለች፣ «ማነው? ምን አሉሽ?»

«አበጀ ነው» አለች ደብሪቱ፣ ፊቷ በርቶ። «ተቆጣኝ።»