የተውፊቅ ሰርግ የት ይቀመጥ?

(ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ የተውፊቅ ቤት፤ 2007 ዓ.ም.። ተውፊቅ «ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ» እያለ ሰፈሩን ያደነቆረ ሰው ነው። ያክስቱን ልጅ እንድሪስን ደግሞ ሰፈርተኛው «ነገር የሚገባው በማግስቱ ነው» ይለዋል። ጠረጴዛው ላይ ተውፊቅ «ሰርቨር» የሚለው፣ ክዳኑ የተነሳ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ፤ ፋይል ሲስተሙን ሊቀይርለት ነው። ሚስቱ ዙበይዳ እናቷን ይዛ ከኮምቦልቻ እየመጣች ነው፤ አማቲቱ የሰርጉን ቪዲዮ ሊያዩ።)

እንድሪስ፦ ኧረ በአላህ! የድሮው ፋይል ሲስተም ምን አጠፋ?

ተውፊቅ፦ ነገርኩህ አቦ! መብራት ድንገት ሲሄድበት ይደነግጣል። ይዘባርቃል።

እንድሪስ፦ በደሴ መብራት ያልደነገጠ ማን አለ?

ተውፊቅ፦ (ደረቱን ነፍቶ) አዲሱ፣ ዜድ ኤፍ ኤስ፣ አይደነግጥም!

እንድሪስ፦ ፋይል ሲስተም የምትለው ግን... ዲስኩን ነው?

ተውፊቅ፦ ያ አላህ! ዲስኩ ጎተራው ነው። ፋይል ሲስተሙ እህሉ የት የት እንዳለ የሚያውቀው ጠባቂ ነው። የድሮው እንቅልፋም ነበር። አዲሱ ነቀዝ የነካትን አንዲት ፍሬ እንኳ ለይቶ ያወጣል።

እንድሪስ፦ አሁን ገባኝ። ነቀዝ ገብቶብሃል።

ተውፊቅ፦ አልገባብኝም! እንዳይገባ ነው!

እንድሪስ፦ ይሄ ሁለተኛው ዲስክስ?

ተውፊቅ፦ መንትያው ነው። እዚህ የተጻፈ እዚያም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።

እንድሪስ፦ እዚህ የጠፋስ?

ተውፊቅ፦ (በኩራት) እዚያም ይጠፋል! ወዲያው!

እንድሪስ፦ ታዲያ ምኑን መንትያ ሆነ? «አቤት ጌታዬ» ባይ ነው እንጂ። ባንድ ቀንበር ጠምደህ ገደል አፋፍ ስታርስ አንዱ በሬ ቢንሸራተት፣ ሌላው ቆሞ ያይሃል?

ተውፊቅ፦ በሬህን ተወውና አማናዬን ንገረኝ። ያንን በፍላሽ አደራ ብዬ የሰጠሁህን የሰርግ ቪዲዮ አጥፍተኸዋል?

እንድሪስ፦ ወላሂ እኔ ጋ የለም።

ተውፊቅ፦ ጎሽ! ስጨፍር ምሰሶ ይዤ ድንኳኑን ሽማግሌዎቹ ላይ እንዳፈረስኩ እዚያ ከነበሩት በቀር ማንም አያይም። ቪዲዮ አንሺውን እንኳ ለምኜ አስደምስሼዋለሁ።

እንድሪስ፦ ሰርጉ ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?

ተውፊቅ፦ ዲስኮቹ ላይ ነዋ።

እንድሪስ፦ የትኞቹ?

ተውፊቅ፦ እነዚህ ሁለቱ።

እንድሪስ፦ እነዚህ አሁን የምታጥባቸው?

ተውፊቅ፦ ማጠብ አይባልም፣ ፎርማት ነው! እየው፣ ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። እኔን! (ቁልፉን ተጫነ) እርግጠኛ ነኝ!

(ስክሪኑ ላይ ሁለት ባዶ ዲስኮች ታዩ። ተውፊቅ ወንበር ፈልጎ አጣና መሬት ተቀመጠ።)

እንድሪስ፦ ማሻአላህ፣ ንጹሕ ሆኗል። ሰርጉስ?

ተውፊቅ፦ (ኪቦርዱን እየደበደበ) መልስ! መልስልኝ!

እንድሪስ፦ አሁን ገባኝ። ነቀዙም የለ፣ እህሉም የለ።

ተውፊቅ፦ ዙበይዳ በናቷ ፊት ታርደኛለች! እሱስ ይሁን... አባባ ከመሞቱ በፊት ሲስቅ የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ሲወድቅ እንዴት እንደሳቀ ታስታውሳለህ? እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እንድሪስ፦ አብሽር፣ አይዞህ። ቢስቲማ ከተማ አለ።

ተውፊቅ፦ ምኑ?

እንድሪስ፦ ሰርግህ። ሙሉው እዚያ ያሉት አያ ኑርሁሴን ጋ ነው። ድንኳኑ የሚወድቅበት ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ እየዘለለ ቦሩ ሜዳ ደርሷል።

ተውፊቅ፦ እኔ ጋ የለም ብለህ ምለህልኝ!

እንድሪስ፦ የለማ! አያ ኑርሁሴን ፍላሹን ከነክዳኑ ለምነው ወሰዱት። ሰው ሲለምነኝ እንቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ተውፊቅ፦ አገር ሲስቅብኝ ከረመ በለኛ!

እንድሪስ፦ ድንኳኑን ባታፈርስ ቪዲዮህን ማን ይይዝልህ ነበር? የኔን ሰርግ ቪዲዮ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ጠፍቶ ቀረ።

(ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ። ዙበይዳና እናቷ በባጃጅ ነጂው ስልክ ላይ አጎንብሰው ይንከተከታሉ። ከስልኩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሳቅ ከሳቃቸው በላይ ተሰማ። ተውፊቅ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። እንባው መጣ፣ ሳቁም አብሮ መጣ።)

ተውፊቅ፦ አባባ ነው! ሩጥ፣ ባጃጁ እንዳይሄድ! ላክልኝ በለው!

እንድሪስ፦ ይልክልሃል። በየትኛው ፋይል ሲስተም ልታስቀምጠው ነው?

ተውፊቅ፦ (ባዶዎቹን ዲስኮች ዐይቶ፣ ወደ እንድሪስ ዞሮ) አንተ ጋ። አማና! ለማንም እንዳትሰጥ!

እንድሪስ፦ አሁን ገባኝ። ከማን ልጀምር?