ፔቴሎና በምንጣፍ የተጠቀለለው ዲስክ

ኮምፒውተርህ ሳይታመም መጥቶ የሚያጽናናህ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ለእኛ ለሳቫይኢ ደሴት ሰዎች የደረሰን ሊቀ ኮምፒውተር ፔቴሎ ነው። ሠርግም ይጠራ ለቅሶም ይሂድ፣ ከአፉ የምትወጣው አንዲት ጥያቄ ናት፦ "ቅጂው የት አለ?"

ፓስተሩን እንኳ አልማራቸውም። ስብከታቸውን ላፕቶፕ ላይ ሲጽፉ ከጀርባቸው ቆሞ ይህችኑ ጠየቃቸው።

"ሰማይ ቤት!" አሉት ቆጣ ብለው።

"እሱስ ደግ ነበር፤ ግን በእኛ ኢንተርኔት ከዚያ እስኪወርድ እሑድ ያልፍብዎታል።"

ሰው ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ቴሌሲያ ግን ወዴት ትቀይር? በሯ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። አባቷ ከመሞታቸው በፊት ሰባት ትውልድ ዘራቸውን ቆጥረው ያስቀዱት ድምፅ ላፕቶፗ ውስጥ ነበር። ሲቀዱ እሷ ዋና ከተማው አፒያ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከቀብሩ ወዲህ ደግሞ ልቧ እምቢ ብሏት አንድም ቀን ከፍታ አልሰማችውም። ፔቴሎ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣት ጊዜ ከዓመት በፊት በትንሽ ዲስክ ገለበጠችው። እሱም፣ "ቤታችሁ ውስጥ ውድ ከሚባለው ዕቃ ጋር አስቀምጡት" ብሎ አዝዞ ሄደ።

ባለፈው ማክሰኞ ላፕቶፑ እንደጠቆረ ቀረ። ሊቃችን ተጠራ። ጆሮውን ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠው።

"እህቴ፣ ውስጡ ያለው አይነበብም። ፎርማት ተደርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል፤ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቅጂው የት አለ?"

ቴሌሲያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራች። "አክስቴ፣ ዲስኩን አምጪው እስቲ!"

አክስቷ እማማ ፊሊሲታ ብድግ አሉና ባሉበት ቀሩ። "ከውዱ ዕቃ ጋር አላልክም? በክብር ምንጣፋችን ጠቅልዬ ፍራሽ ስር አስቀመጥኩት።"

"ምንጣፉስ፣ እማማ?"

"ለወዲያኛው መንደር አለቃ ቀብር ሰጠነዋ! የክብር ምንጣፍ ሊሰጥ አይደል እንዴ የሚቀመጠው?"

ፔቴሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ደረሰና መንደሩ፣ "ቅጂው ለቅሶ ሄዷል" እያለ ሳቀ። ቴሌሲያ ግን፣ "አባቴን ሁለቴ ቀበርኩት" ብላ ተቀመጠች።

በእኛ ዘንድ የክብር ምንጣፍ ለለቅሶና ለሠርግ እየተሰጠ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሰጥተውት የሄደውን መልሱልን ማለት ነውር ነው። ሊቃችን በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽርጡን ታጥቆ አውቶቡስ ተሳፈረ። የለቅሶው ቤት ሰዎች ምንጣፉን ለሠርግ ሰጥተውታል፤ የሠርጉ ቤት ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ምረቃ። በደረሰበት ሁሉ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ "ምንጣፉ የእናንተ ነው፤ እኔ የመጣሁት ሆዱ ውስጥ ላለው ነው" ይላል። ይተያያሉ፣ ይስቁበታል፣ ያበሉታል፣ ወደሚቀጥለው ይሸኙታል። በመጨረሻው ቤት አንዲት አሮጊት፣ "ይቺን ነው? የሰው አደራ መስላን መልሰን እዚያው ጠቀለልናት" ብለው አወጡለት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰና ሥራ ጀመረ። ሲስተሙ ተጭኖ፣ ፋይሉ እየተገለበጠ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ መንደሩን ለማታ ጸሎት የሚጠራው ዛጎል ተነፋ። ሁላችንም አቀረቀርን፤ ፔቴሎ ግን በአንድ ዓይኑ ብቻ ጸለየ።

ከ"አሜን" በኋላ ቴሌሲያ ድምፁን ከፈተችው። መጀመሪያ ሳል መጣ። ቀጥሎ አባቷ፦

"ይቀዳል አሁን? እሺ። ልጄ ቴሌሲያ፣ ይህን የምናገረው ፔቴሎ አርፌ እንዳልሞት ስለከለከለኝ ነው። መቅጃውን ይዞ አሥራ አንድ ቀን ደጄ ላይ ተተክሎ ነዘነዘኝ። በይ ስሚ፣ ከቅድመ አያትሽ ልጀምር..."

ቴሌሲያ ዞር አለች። ፔቴሎ የጠበቀ ብሎን ያጠብቃል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን? ሰምተሽዋል ብዬ ነዋ!"

እማማ ፊሊሲታ በኮኮናት ወተት ከተቀቀለው ጎደሬ ትልቁን መርጠው ፊቱ አስቀመጡ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። "ብላ፣ አንተ ነዝናዛ! ዕድሜህን ያርዝመው፣ ነዝናዛ! እንዳንተ ያለ ነዝናዛ በየቤቱ ይስጥ!"

በዚህ ደሴት እንደዚያ እየተሰደበ የተመረቀ ሰው አይተን አናውቅም፤ እኛም "አሜን" አልን።